ለፈጠራችሁት ዓለም ማዕረግ ስታወጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ 31 ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን ስገዛ መጀመሪያ የምገልጠው የሥነ ጽሑፉን ገጽ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ዛሬም የማነበው እስክሪብቶ ይዤ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የእህቴ ልጅ ደብተር ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ክረምቱን ሙሉ ስትጽፍ ከረመች። ሁለት ደብተር ሞልታ ሦስተኛውን ጀምራለች። የምትጽፈው በምድር ላይ ስለሌለ አገር ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ዝናብ አያውቅም። ሕዝቡ የሚኖረው በሰባት ምንጭ ነው። ስለዚህ ውኃ የያዘ ሥልጣን ይዟል። ሐሳቡን ስሰማ ደስ አለኝ። ታሪኩም ይይዛል፤ አንድ ማታ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ደብተር ጨረስኩት።

ታዲያ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሎርድ» የሚል አገኘሁ። ወረድ ብሎ «ዱክ» አለ። ከዚያ «ሰር»። የትልቁ ምንጭ ጠባቂ ደግሞ «ኮማንደር» ተብሏል።

«ይሄ ሎርድ የምትዪው ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ትልቅ ሰው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሲገባ ማን ይነሳል?»

ዝም አለች። እስክሪብቶዋን በጥርሷ ነከስ አደረገች።

«ሁሉም መሰለኝ» አለች።

«ሁሉም ከተነሳማ ንጉሥ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለዚህ ነገር ስናወራ ሰነበትን። ብዙ ልጆች ዛሬ እንዲህ ዓይነት ታሪክ እየጻፉ እንደሆነ አውቃለሁ። በስልካቸው ይጽፋሉ፣ እርስ በርስ ይላላካሉ። ከእሷ ጋር የተነጋገርነው ለእነሱም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

የባዕድ ቃል ጠላት አይደለሁም። «ባሻ» ራሱ ከቱርኮች «ፓሻ» የመጣ ነው። «ኮሎኔል»ና «ጄኔራል» የኛ ሠራዊት ቃላት ከሆኑ ቆዩ። የሚያሳስበኝ፣ ማዕረግ ሲመጣ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። «ሎርድ» ሲባል ግንቡም፣ ርስቱም፣ የእንግሊዝ ምክር ቤቱም አብረው ይገባሉ። አንባቢው ወዲያው ፊልም ላይ ያየውን ነው የሚያስታውሰው። የልጅቷ ሰባት ምንጮች ደጅ ቀሩ ማለት ነው።

እስቲ የኛን የድሮ ሹመቶች ቃሉን ከፈል አድርገን እንያቸው። ያን ዕለት ቡና ተፈልቶ ነበር። ረከቦቱን ወደኔ ሳብኩና ጀበናውን መሃል ላይ አስቀመጥኩ። «ይሄ የንጉሡ ድንኳን ነው» አልኳት። አንድ ሲኒ ከፊት አደረግሁ፤ ፊታውራሪ። ጠላትን መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ነው፤ ፊት አውራሪ። አንድ ሲኒ በቀኝ፤ ቀኝ አዝማች። አንድ በግራ፤ ግራ አዝማች። አንዱን ከጀበናው ሥር አስጠጋሁት፤ ደጅ አዝማች፣ በንጉሡ ደጅ ያለው። ከነዚህ ሁሉ በላይ ራስ አለ፤ ራስ ማለት ያው ራስ ነው። ልጅቷ ሲኒዎቹን አየች፣ እኔን አየች። «ካርታ ነው እኮ!» አለች። አዎ፣ ካርታ ነው። አምስት ቃል የሰማ ልጅ የጦሩን አሰፋፈር መሬት ላይ በጠጠር መደርደር ይችላል።

ደግሞ እዚያው ጦር ሜዳ ላይ አይቀርም። ቅኔ ማኅሌት ግቡ። መሪጌታ አለ፣ ቀኝ ጌታ አለ፣ ግራ ጌታ አለ። ያው መሃል፣ ቀኝና ግራ ነው። ጦሩም ዝማሬውም አንድ ሥዕል ነው ያላቸው። አንድ ሕዝብ ሥልጣንን በዓይነ ልቦናው የሚያይበት መንገድ አለው፤ ያንን መንገድ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ዓለም የሚፈጥር ሰው መጀመሪያ ይህችን ሥዕል ማግኘት አለበት እላለሁ። ቃሉ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

የልጅቷ አገር ሥዕል ምንድን ነው? ድንኳን አይደለም። ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ ቀኝና ግራ የለውም፤ ላይና ታች ነው ያለው። ከላይ ያለው ቀድሞ ይጠጣል፣ ከታች ያለው የተረፈውን ይጠብቃል። ይህን ስንነጋገር «ራስጌና ግርጌ!» ብላ ጮኸች። በዚያች ደቂቃ «ሎርድ» ሞተ። በምንጩ አፍ ላይ የተቀመጠው መኳንንት «ባለ ራስጌ» ሆነ። የታችኞቹ «የግርጌ ሰዎች» ተባሉ። አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሁሉ ራስጌና ግርጌን ያውቃል።

ሥራን የሚናገሩ ሹመቶች ደግሞ አሉ። እነሱ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወዳቸው እነሱን ነው። አፈ ንጉሥ የንጉሥ አፍ ነው። ንጉሥ ለሰው ሁሉ በቀጥታ አይናገርም፤ ቃሉን ወደ ሕዝብ የሚያወጣ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እየቆየ ትልቁ ዳኛ ሆነ። ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። እንደራሴን ደግሞ ተመልከቱት። «እንደ ራሴ» ነው። ንጉሡ «እሱ ማለት እኔ ማለት ነው» ብሎ የላከው ሰው። ወረድ ብላችሁ ገጠር ስትገቡ ምስለኔን ታገኛላችሁ፤ እሱም ያው «እኔን የሚመስል» ነው። አንዱ በጠቅላይ ግዛት፣ አንዱ በወረዳ፤ የሁለቱም ስም የሚናገረው ሥልጣኑ የራሳቸው እንዳልሆነ ነው። የሌላ ሰው ጥላ ናቸው። ይህን ያወቀ ደራሲ አንድ ምስለኔ ሲኮራ ሲጽፍ፣ ኩራቱ ውስጥ ያለውን ፍርሃት አብሮ ይጽፈዋል።

ሊቀ መኳስ የሚባል ሹመት ነበር። ሥራው በጦርነት ጊዜ የንጉሡን ልብስ ለብሶ መቆም ነው። ጠላት ንጉሡን የገደለ መስሎት እሱን እንዲገድለው። እስቲ አስቡት፤ በሰላሙ ቀን ከንጉሡ ጎን ይቀመጣል፣ ይከበራል፤ ሁሉም ሰው ግን ለምን እንደተከበረ ያውቃል። እሱም ያውቃል። ሚስቱም ታውቃለች። አንድ ሹመት ብቻውን አንድ ልብ ወለድ ነው።

እኔ የተወለድኩት ወሎ ነው፣ ደሴ አጠገብ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ለኛ ሩቅ አይደለም። የዚያ ገዳም አበምኔት በጥንት ጊዜ «ዓቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ስሙ የትሕትና ይመስላል። በቤተ መንግሥት ግን ከትልልቆቹ ባለሥልጣኖች አንዱ ነበር። የአክሱሙ «ንቡረ እድ» ደግሞ እጅ የተጫነበት ማለት ነው፤ ማዕረጉ የተሾመበትን ሥርዓት ራሱን ይናገራል። እንዲህ ያሉ ስሞች ላይ ደራሲ ብዙ ማብራራት አይጠበቅበትም። ስሙን ብቻ በቦታው ያስቀምጥ።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ላይኛዎቹ ሹመቶች አብዛኛውን ጊዜ በግዕዝ ናቸው፤ ፀሐፌ ትእዛዝ፣ አፈ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት። ታች ስትወርዱ የገበሬ አማርኛ ይሆናል፤ ጭቃ ሹም፣ ጋሻ ጃግሬ፣ ጠጅ አሳላፊ፣ እልፍኝ አስከልካይ። ልጅቷ ነገሩ ሲገባት ሁሉንም በግዕዝ ልታደርገው ተነሳች። መዝገበ ቃላት ተውሳ መጣች። «ተይ» አልኳት። የቦይ ቆፋሪው አለቃና ንጉሡ በአንድ ዓይነት ቋንቋ ከተጠሩ አገሩ ቤተ ክህነት ብቻ ይሆናል። «ሊቀ ማያት»፣ የውኆች አለቃ፣ ለላይኛው ይሁን፤ ያምርበታል። ውኃ በቅል እየሰፈረ የሚያድለው ሰው ግን «ውኃ አዳይ» ነው። አለቀ።

ማዕረግ በሰው አፍ ሲኖር ያልቃል፣ ይሸረፋል። ደጅ አዝማች «ደጃዝማች» ሆነ፣ ደጃዝማች ደግሞ «ደጃች» ሆነ። ባለ አምባ ራስ «ባላምባራስ» ሆነ። የሺ አለቃ «ሻለቃ» ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚሳፈር ሁሉ ይህን በየቀኑ ይላል፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ። ስለዚህ በፈጠራችሁት አገር ሁሉም ሰው ማዕረጉን ሙሉ በሙሉ፣ በጥንቃቄ የሚጠራ ከሆነ አላምንም። የአዋጅ ነጋሪው ሙሉውን ይበል። ጠላ ሻጯ ትሸርፈው። ልጆች ከዚያም በላይ ይሸርፉት። የእህቴ ልጅ አገር ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ሰው «ባለ ራስጌ» ሲል የመንገዱ ሰው «ባልራስ» ይላል። ማን ከየት እንደመጣ በዚያች አንዲት ቃል ይታወቃል።

ከመሸረፍ ሌላ ዋጋውም ይለወጣል። «ወይዘሮ» ድሮ የመኳንንት ቤት ሴት መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ናት። እንደራሴም ከንጉሥ ወደ ሕዝብ ተሻገረ፤ «የሕዝብ እንደራሴ» እንላለን። በ1966 አብዮት መጣና ራሱም ደጃዝማቹም ቀርቶ «ጓድ» ሆነ። እሱም አለፈ። አምስት መቶ ዓመት ኖሯል በምትሉት አገር ውስጥ ቢያንስ አንድ ማዕረግ ወድቆ፣ አንድ ማዕረግ ከፍ ብሎ ካላየሁ፣ አምስት መቶ ዓመቱን ማመን ይከብደኛል።

አሁን የራሴን ላጫውታችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የሙት ዓመት መታሰቢያ ወረቀቶች እናትም ነበር። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀላቀለብኝና የአንዱ ሟች ማዕረግ ለሌላው ተጻፈ። ግራዝማች የነበሩት ሰው ቀኛዝማች ተብለው ታተሙ። በእኔ እጅ አለፈ፤ የእኔ ጥፋት ነው። በማግስቱ ባለቤታቸው መጡ። ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። ወረቀቶቹን በፌስታል እንዳሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኔ ደግሞ ልጅ ነበርኩና «እማማ፣ እንዲያውም ከፍ ብለዋል እኮ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ባሌ ያላገኘውን አታሸክሙት» አሉ። «ግራዝማችን ያገኘው በደሙ ነው። ይሄ ሌላ ሰው ነው።»

ማታውን አድረን እንደገና አተምነው። ያ ቀን ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልወጣልኝም። ማዕረግ ከፍና ዝቅ የሚባል ቁጥር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለሴትየዋ ግን የባላቸው ስም ነበር። አንዱን ያለ ቦታው ከፍ ማድረግም ሰውየውን ማጥፋት ነው። ልጆች፣ ለገጸ ባሕርያችሁ ማዕረግ ስትሰጡ እኚህ ሴት ከፊታችሁ ቆመው እንደሆነ አድርጋችሁ አስቡ። ይህንን ማዕረግ ሲያጣ የሚያለቅስለት ሰው አለ? ከሌለ ቃሉ ጌጥ ነው፣ ተውት።

ከቃሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱም ግሱ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። «መጣ» እና «መጡ» መካከል አንድ ሙሉ ቤተ መንግሥት አለ። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ አለን። እንግሊዝኛ ዛሬ ይህ የለውም፤ ስለዚህ እዚያ ደራሲው በየመስመሩ «ጌታዬ» ማለት ይገደዳል። ከዚያ እየቀዱ የሚጽፉ ልጆችም በየመስመሩ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» ይላሉ፤ ከዚያ ረስተው «ጌታዬ፣ ና» ይላሉ። ስንት ገጽ ላይ ይህንን እንዳረምኩ አልቆጥረውም። አንድ ጊዜ «ይግቡ» ብትሉ እኮ ማዕረጉ ተነግሮ አልቋል።

አያቴ ባሏን «አንቱ» ነበር የምትለው። «አንቱ፣ ይብሉ እንጂ።» «አንቱ፣ በሬዎቹ ገቡ?» አብረው ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። አንድ ቀን ብቻ «አንተ» ስትለው ሰማሁ። የአጎቴ መርዶ የመጣ ዕለት ነው። ሰዎች በር ላይ ቆመው ነበር፤ አያቴ የሰዎቹን ፊት አየችና ወደ ባሏ ዞራ «አንተ ሰውዬ፣ ልጃችን!» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ልጅ ነበርኩ። መርዶው የገባኝ ከዚያች «አንተ» ነው። ከቀብሩ በኋላ እንደገና «አንቱ» ሆኑ፤ እስከ መጨረሻው።

ይህንን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ደብተሯን አወጣችና የሆነ ገጽ ገለጠች። እዚያ ገጽ ላይ አንዲት አገልጋይ ጌታዋን ትከዳዋለች። በፊት «ሎርድ፣ አልታዘዝህም!» ብላ ትጮህ ነበር። አሁን አትጮህም። ሃያ ገጽ ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ቆይታ፣ እንስራውን አስቀምጣ፣ «አንተ ራስህ ቅዳ» ትለዋለች። እንደዚህ ያለ ነገር በሌላ ቋንቋ ለመጻፍ ሙሉ ገጽ ይፈጃል።

ሹመት እንዴት እንደሚገኝም አስቡበት። በኛ አገር «ደጅ ጥናት» የሚባል ነገር ነበር፤ ሹመት ፈላጊ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የጌታውን በር ይጠብቃል። ሲያገኝ ሰው መጥቶ «ሹመት ያዳብር!» ይለዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የመጣውም ከዚያ ኑሮ ነው፤ ሁሉም ሰው ሹም ሽር እንዳለ ያውቃል። መሰላሉን የወጣ ሰው ስሙም ይለወጣል። ልጅ ተፈሪ ደጃዝማች ሆኑ፣ በ1909 ራስና አልጋ ወራሽ፣ በ1921 ንጉሥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በመጨረሻው ላይ ተፈሪ ቀርቶ ኃይለ ሥላሴ ሆነ። አንድ ሰው በሕይወቱ አምስት ጊዜ ተጠርቷል፤ እናም የሚያውቀው ሰው በየትኛው ስም እንደሚጠራው ካያችሁ መቼ እንደተዋወቁ ታውቃላችሁ።

ንጉሥ የማይሰጠው ስምም አለ። የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ራስ አሉላ ከገበሬ ቤት ወጥተው ነው ራስ የሆኑት። «ራስ» የሚለውን ንጉሥ ሰጣቸው፤ «አባ ነጋ»ን ግን ማንም አይሽረውም። ሹመት ሲነጠቅ ይህኛው አብሮ አይሄድም። በልብ ወለድ ዓለም ውስጥ ሁለት ዓይነት ስም፣ አንዱ የሚሻር አንዱ የማይሻር፣ ጎን ለጎን ብታኖሩ ታሪኩ ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ደግሞ ሁሉም ነገር ከአንድ ዙፋን የሚወርድ አታድርጉት። በኦሮሞ ገዳ ሥርዓት አባ ገዳ ሥልጣን የሚይዘው ለ8 ዓመት ነው፤ ከዚያ ያስረክባል። ጦር የሚመራ አባ ዱላ አለ። የከፋ ንጉሥ ታቶ ነበር፣ የወላይታው ካዎ። ዋግ ዋግሹም ነበረው። የጅማው አባ ጅፋር ለምኒልክ ገበሩና መንግሥታቸውን እንደያዙ ቆዩ። አንድ ካርታ ላይ የተለያየ ማዕረግ ስታዩ፣ እዚያ ጋ ስምምነት ወይም ጦርነት ነበር ማለት ነው። የልጅቷ ሰባት ምንጭ አሁን ሁለት ዓይነት አለቃ አላቸው። ስድስቱን በአንድ ስም መጥራቷን ስጠይቃት «ስድስቱ በጦር የተያዙ ናቸው፣ ሰባተኛው በውል ነው የገባው» አለችኝ። ይህን እኔ አልነገርኳትም።

ሰባተኛውን ምንጭ የሚያስተዳድሩት ሴቶች ናቸው። እዚህ ላይ ደክማ ነበር፤ በደብተሯ ያሉት ሴቶች ማዕረግ ሁሉ «የእገሌ ሚስት» ማለት ነበር። እቴጌ ጣይቱ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚል የራሳቸው ስም ነበራቸው፣ ዓድዋም የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። በገዳም ደግሞ ከአበምኔት ጎን እመ ምኔት አለች፤ የራሷ ሥልጣን ያላት። ከዚያ ተነስታ ልጅቷ «እመ ማይ» አለች። የውኃ እናት። ስትለው ቤቱ ጸጥ አለ። እህቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን አላችሁ?» አለች።

አንድ ቀን ደግሞ የመስኖ ነገር ስናወራ፣ በገጠር ቦይ የሚያካፍለውን ሽማግሌ «የውኃ አባት» እንደሚሉት ነገርኳት። በጣም ተናደደች። «እኔ ፈጠርኩት ብዬ!» አለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከሕዝቡ ጋር በአንድ መንገድ ማሰብ ጀምራለች ማለት ነው። እድራችን ውስጥም ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ጡሩምባ ነፊ አለ። የሹመት ቋንቋ የሞተ የሚመስለው ሰው አንድ ወር እድር ይከታተል።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሥነ ጽሑፉ ገጽ ላይ ትንሽ ቦታ ስጡ። አንባቢዎች ከየአገራቸው፣ ከአያቶቻቸው የሰሟቸውን የሹመት ስሞች ይላኩ። የወንዝ ጠባቂው፣ የገበያ ዳኛው፣ የሠርግ አዛዡ፣ የአዝመራ ጠባቂው ምን ይባላል? በጉራጌ፣ በሐረር፣ በአፋር፣ በጎጃም፣ በትግራይ። ትርጉሙንና ሥራውን በሁለት መስመር ይጻፉ። ለሚጽፉ ልጆች ከመዝገበ ቃላት የበለጠ ይጠቅማቸዋል። እንደ አራሚ በነፃ ላርመው ዝግጁ ነኝ።

ትናንት ልጅቷ አዲስ ጥያቄ ይዛ መጣች። ሦስተኛው ደብተር ላይ አንድ ባለ ራስጌ ይሻራል። «ጋሼ፣ በማግስቱ ጠዋት ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ ሰዎቹ ምን ብለው ይጠሩታል?» አለችኝ። በሰፈራችን የነበሩትን አንድ ሽማግሌ አስታወስኩ። የቀበሌው መዝገብ «አቶ» ነበር የሚላቸው። የእድሩ ሰው ግን እስከ ቀብራቸው ቀን «ግራዝማች» ነበር ያላቸው፤ ሲጠሯቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ይህንን ነገርኳት። «የኔ ሰዎች ግን ይፈሩታል፣ አይወዱትም» አለች። እንግዲያው ሌላ ነው።

እስካሁን አልወሰነችም። ሰውየው እንስራ ተሸክሞ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ታየዋለች፣ አፏን ትከፍታለች። ከዚያ በኋላ ያለውን መስመር ባዶ ትታዋለች።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ አራሚ፣ አዲስ አበባ